ረቡዕና ዓርብ የምትበራው አምፖል

እስከ ዛሬ ቀይ አምፖል ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም፤ የምጸየፈው ራሴን ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ ኢንተርኔት እቤት ማስገባቱስ ይቻላል፤ ጭንቁ ሲጠፋ ሰሚ ማግኘት ነው። በደወልኩ ቁጥር «ከእኛ በኩል ሰላም ነው» ይሉኛል። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ እልህ ያዘኝና ሶኬት ላይ የምትሰካ መቆጣጠሪያ ገዛሁ። በየደቂቃው መስመሩን ትፈትሻለች፤ ሲቋረጥ ሰዓቱን መዝግባ ሳሎን ያለውን ቀይ አምፖል ታበራለች፤ ሲመለስ ታጠፋዋለች።

በወሩ መዝገቡን ስከፍት ረቡዕና ዓርብ፣ ረቡዕና ዓርብ ይላል፤ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። እኔ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ነኝ። ወዲያው የሰፈራችንን መስመር የሚጠግነው ቴክኒሻን ታየኝ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዝምታውን ተንኮል አደረግሁት። በሁለቱ ቀን የእኔን መስመር እየነቀለ ጉቦ ለሰጠው ይቀጥላል ብዬ ለኃላፊው ጻፍኩ። መዝገቡን አትሜ አያያዝኩና ከሥሩ «መሣሪያ እንደ ሰው አይዋሽም» ብዬ ጨመርኩበት። አጻጻፌ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ጉንፋን ጠንቶብኝ ቀደም ብዬ ቤት ገባሁ። አምፖሉ በርቷል። እርጅና ከጉባኤ ያስቀራቸውና ከእኛ ጋር የሚኖሩት የቅኔ መምህሩ አባቴ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ጎንበስ ብለው ኢንተርኔቱ የሚገባባትን ቀጭን የስልክ ሽቦ ይዘዋል።

«አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ልመልሳት ነው።»

«ለምን ነቀሏት?»

«ልጆችህ ገና ትምህርት ቤት አልገቡ፤ በጾም ቀን ፊልም ላይ ተጥደው ይውላሉ። ቤቱም እስከ ዘጠኝ ይጹም ብዬ ነዋ። ኤሌክትሪኩንማ አልነካሁም።» በአገጫቸው አምፖሉን አሳዩኝ። «ይችም ደግ ናት። ስትበራ ጾሙ እንደ ያዘ አውቃለሁ።»

ረቡዕና ዓርብ። ከልጅነቴ ጀምሮ የጾምኩ የቅኔ መምህር ልጅ፣ መዝገቡ ላይ ጾም ማንበብ ተስኖኝ ሌባ አነበብኩ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይላሉ፤ እኔ የነከስኩት ሰው ነው።

ሰኞ ክሴን ላነሣ ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ቴክኒሻኑ በእኔ ደብዳቤ ምክንያት ሮብ ገበያ ወደምትባለው የገጠር ከተማ ተዛውሯል። ሚስቱ አራስ ናትና እዚሁ ቀርታለች። «አባቴ ናቸው የነቀሉት» ማለት ነበረብኝ። ከተማው ሊስቅብን መሆኑ ታየኝ።

«ምናልባት መሣሪያዬ ተሳስቶ ይሆናል» አልኩ።

ኃላፊው ፋይሉን ገልጦ ጣቱን በደብዳቤዬ የመጨረሻ መስመር ላይ አሳረፈ። «አይዋሽም ብለው የጻፉት እርስዎ አይደሉም?»

 መሣሪያዋማ አልዋሸችም ነበር። ክሴን ሳላነሣ ወጣሁ።

ረቡዕ ጠዋት አርፍጄ ልወጣ ስል አምፖሉ በራ። አባቴ እጃቸውን እያራገፉ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ወጡ። ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቴክኒሻኑ አሁንም ሮብ ገበያ ነው።