የማማው ግጥም

መጻፍ ከማን እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ ወሬ እቀይራለሁ። እውነቱን ብናገር መጠራት ያለባት አክስቴ ናት፤ እሷን ማመስገን ደግሞ አልፈልግም።

ልጅ ሆኜ ሥራዬ ወፍ መጠበቅ ነበር። በሸዋ ሮቢት ቆላ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር የወፍ መንጋ ይወርድበታል፤ ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍና በጩኸት ሲያባርር ይውላል። ጩኸት ብቻውን ይሰለቻል። እኔ ግጥም እያወጣሁ ወፎቹንም፣ ሙቀቱንም፣ የማሽላውን ባለቤትም ስሰድብ እውል ነበር።

የእናቴ ታላቅ እህት የሆነችው ይህቺ አክስቴ በወረዳችን በቀወት የታወቀች ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላከው ወደ እሷ ነው። ድምፅ ነበራት፤ ግጥም ግን አልነበራትም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለቅሶ ከመሄዷ በፊት ማማው ሥር ቆማ ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ትነግረኛለች፤ እኔ ከላይ ሆኜ እገጥምላታለሁ። በማግስቱ አገሩ የእሷን አንደበት ሲያደንቅ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

እናቴ የሞተች ቀንም ማማ ላይ ነበርኩ። ማንም አልጠራኝም፤ የሰማሁት ከመንደሩ ጩኸት ነው። እየሮጥኩ ስወርድ ግጥሙ አፌ ላይ ነበር። ለእናቴ ራሴ ልለው ፈልጌ ነበር። አክስቴ በር ላይ አቅፋ ስታባብለኝ በለቅሶ መሃል ግጥሙ ከአፌ አመለጠኝ። ሰማችው። ከዚያ ግቢው መሃል ቆማ ደረቷን እየመታች አወረደችው፦

ወፍ ስጠብቅ ውዬ ከማሽላው ማማ ላይ፣
ሞት ከቤቴ ገባ እኔ ዞሬ ሳላይ።

በዕድሜዋ ማማ ላይ ወጥታ አታውቅም። ለቀስተኛው ግን ተንሰቀሰቀ። የእኔ ነው ልል ስነሳ አንዲት አሮጊት ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ልጅ ሙሾ አታወርድም፣ ተቀበዪ አለችኝ። ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ ያልሠራሁት የለም። ሽንኩርት ኮትኩቻለሁ፣ የደሴ መኪኖች በሚቆሙበት ሆቴል ሰሃን አጥቤአለሁ፣ በአውቶቡስ መስኮት ማንጎ ሸጫለሁ። መጻፍ የጀመርኩት ወረቀት ላይ ያሰፈርኩትን ማንም ቀድሞ አያወርድብኝም ብዬ ነው። ያንን ግጥም በመጀመሪያ መጽሐፌ አስገባሁት። የአገሬ ሰዎች አነበቡና የአክስቷን ሙሾ ሰረቀች አሉ።

አክስቴ አርጅታ አልጋ ስትይዝ ሄድኩ። ጎረቤቶቿ ዙሪያዋን ተቀምጠው ነበር። አንዲት ቃል ብትናገር ይበቃኝ ነበር።

«እትዬ፣ የእናቴን ሙሾ ማን እንደገጠመው እስቲ ይንገሯቸው።»

ከትራሷ ቀና ብላ መለሰችልኝ።

«ሙሾ የሟች ነው፤ ያንቺም የኔም አይደል። ደሞ ያኔ አንቺ አፍ ነበረሽ እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ያመጣሁላትን ብርቱካን አስቀምጬ ወጣሁ።

ባለፈው ክረምት ሞተች። ቀብሯ ላይ አዲሷ አውራጅ የሟቿን ከሁሉ የሚበልጠውን ሙሾ ልበል ብላ የማማውን ግጥም ጀመረች። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ክንዴን ያዘች፤ ልታጽናናኝ ነው።

«አይዞሽ፣ ይኸው ያወረሰችሽ ቃል» አለችኝ።

ሬሳ ፊት ክርክር አይነሳም። ደረቴን መታሁና ከሁሉም ጋር ተቀበልኩ።

«እኔ ዞሬ ሳላይ» አልኩ።