ከግድግዳው የወጣው መጥረቢያ

ላቀው በአሥራ ሰባት ዓመቱ የአባቱን መጥረቢያ ሰርቆ ሸጠ ተባለ። አልሸጠም። አባቱ የታወቁ የቀጨኔ አናጺ ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ልጃቸውን ዕቃቸው አጠገብ አላስደረሱትም። ሙያውን ሳይማር ቀረ፤ ዘበኛ ሆኖ አረጀ። እሳቸውም «ሌባ ወለድኩ» እንዳሉ ሞቱ። ታላቅ እህቱ የሺጥላ ቃሉን እንደ ኑዛዜ ተቀብላ ያዘችው።

ዘንድሮ ላቀው የሚኖርበት የአባቱ ቤት የጭቃ ግድግዳ ዘሞ ሲፈርስ፣ ዛቢያው በምስጥ የተበላ መጥረቢያ ከማገሩ መሀል ዱብ አለ። ላቀው መሬት ላይ ቁጭ አለ። አባቱ ራሳቸው ማገር ላይ ሰክተውት፣ ያን ዓመት ምርጊቱ ሲደረብ ጭቃ ውስጥ ተደፍኖ ቀርቷል። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ከላቀው አልጋ ራስጌ ነበር።

«እንዲሁ ለእህትህ ይዘህላት ሂድ» አለው ጎረቤቱ ስለሺ።

«ዝገት ታቅፌ? አባባ መሣሪያቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚያዩት። አሳምሬ ነው የምወስድላት።»

«እንግዲያው ለሚያውቅ ሰው ስጠው።»

«በገዛ እጄ ነው የማደርገው። በቃ!»

ሦስት ቀን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፈው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፤ የወይራ ዛቢያ አስገባለት። ሞረድ ሲያነሳ ግን ስለቱ አላማረውም። አንደኛው ወገን ለጥ ያለ ነው፤ የተሳለው ሌላኛው ብቻ። «ዝገቱ በልቶ አጣሞታል» አለና ለጥ ያለውን ወገን ሞረደው፣ ሞረደው፤ ሁለቱ መንታ እስኪመስሉ ድረስ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዊንጌት እህቱ ቤት ሄደ። የሺጥላ ዓይኗ ደክሟል። መጥረቢያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ገልብጣ ደገመችው።

«ከየት ገዛኸው?»

«እትዬ፣ ከግድግዳው ነው የወጣው! ስለሺን ጠይቂ።»

«አባባ ግራኝ ነበሩ። ግንድ ሲጠርቡ ጫፉን የምይዝላቸው እኔ ነኝ። የሳቸው መጥረቢያ ቀኙ እንደ መስታወት ለጥ ያለ ነው፤ የሚሳለው ግራው ብቻ። እንደሱ ያለ በቀጨኔ አንድም ሰው አልነበረው።»

ላቀው አጎንብሶ ስለቱን አየው።

«እኔ... ማለቴ፣ የጠመመ መስሎኝ ሞረድኩት።»

«ሞረድኩት!» ሳቀች። «የአናጺ ልጅ ሆነህ የጥርብ መጥረቢያ ባንድ ወገን ብቻ እንደሚሳል አታውቅም?»

«ማን አሳወቀኝ?»

የሺጥላ መጥረቢያውን በዛቢያው ይዛ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«ውሰደው። የአባባ አይደለም፤ ማገዶ ትፈልጥበታለህ።»

ምሳ ሰዓት ነበር። ብላ አላለችውም።