የሎቭሬንጽ የግል ሐይቅ

ሎቭሬንጽ ግማሹን ዓመት ዓሣ አጥማጅ፣ ግማሹን አጫጅ ነበር። በጼርክኒጻ ሐይቅ ዳር ሁሉም እንደዚያው ነው፤ ሐይቁ በመኸር ዝናብ ሞልቶ በበጋ ከሥሩ ባሉ ጉድጓዶች ይሠርጋልና፣ ሰው ጀልባውን በቀዘፈበት መስክ ላይ ሣር ያጭዳል። እሱን ከጎረቤቶቹ የለየው አንድ ቃል ነው።

ቃሉን ያገኘው በመንደሩ የእሳት አደጋ ተከላካዮች አዳራሽ ነው። ከዋና ከተማው ከሉብሊያና የመጣች ተመራማሪ ስለ ሥነ ምህዳር ስታስረዳ፣ ውሃው፣ ዓሣው፣ ሸምበቆው፣ አጫጁ ሳይቀር አንዱ በሌላው እንደሚኖር ተናገረች። ሎቭሬንጽ «ዓሣው» እስከሚለው ድረስ በጥሞና አዳመጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን በሐሳብ ዓሣ ሲያጠምድ አመለጠው።

ከዚያ ወዲያ ሥነ ምህዳር ያልሆነ ነገር ጠፋ። መጠጥ ቤቱ ሥነ ምህዳር ነው፤ አሳላፊው ከሰነፈ ጠጪው ይደርቃል። የሚስቱ የቶንችካ ጓዳም አልቀረም።

«ከድስቱ እስከ ሆዴ የተያያዘ ሰንሰለት ነው» አላት።

«ሰንሰለቱ ሳህን አያጥብም?»

በበጋው መግቢያ ሐይቁ መሸሽ ሲጀምር፣ ሎቭሬንጽ በመስኩ ጥግ ያለውን ጉድጓድ በአሮጌ በርና ሸክላ አፈር በሞሉ ጆንያዎች ደፈነው። ዓሣዎቹ ለምን ቤታቸውን ይጡ? እውነት ለመናገር፣ እሱም ለምን መረቡን ይስቀል?

ያዘለት። የሌላው መስክ ደርቆ ሲታጨድ የእሱ እስከ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ታቅፎ ቀረ። ጀልባው ላይ ተቀምጦ ሳለ ጎረቤቱ ማቴቭዥ ሣር በጫነ ጋሪ አለፈ።

«አንተ ባለሐይቅ! ላሚቱን ዋና አስተማርካት ወይስ ገና ነህ?»

«የግሌ ሥነ ምህዳር ነው፤ አርፈህ እለፍ!»

ውሃው ግን ሞቀ፤ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ወጡ። በረቱ ውስጥ የቀረው ድርቆሽ ሣር ደግሞ አንድ እቅፍ ነው። በዚያ ዓመት ትርፍ ሣር ያለው ጎረቤት ስላልነበረ፣ መስኩ ካልታጨደ ላሚቱ ሊስካ መሸጧ ነው።

«በበረዶው ወራት ምን ልታበላት ነው?» አለች ቶንችካ። «ቃልህን?»

በማግሥቱ ጠዋት ውሃው ውስጥ ገብቶ በሩን ጎተተ። ውሃው ተጭኖታልና ንቅንቅ አላለም። እንደምንም ኩራቱን ውጦ ማቴቭዥን ጠራው። ማቴቭዥ ፈረስና ገመድ፣ የመንደሩም ሰው ባልዲ ይዞ መጣ፤ እንደየዓመቱ ልማድ መጀመሪያ ዓሣዎቹ ተለቅመው ሐይቁን የሚያቋርጠው ወንዝ ጥልቅ ወደሆነበት ይወሰዱ ጀመር።

«እነዚህን እንንካ ወይስ ባለቤት አላቸው?» አለ አንዱ።

«ዝም ብለህ ቅዳ!» አለ ሎቭሬንጽ፣ ጭቃ እስከ ጢሙ።

ፈረሱ ሲስብ በሩ ተነቀለ፤ ውሃው እያጉረመረመ ወረደ።

ሣሩ ዘግይቶ፣ ሳስቶ በቀለ። ሎቭሬንጽና ማቴቭዥ ጎን ለጎን አጭደው የመጨረሻውን ጭነት በረት ሲያስገቡ የመኸሩ ዝናብ ጣሪያውን መምታት ጀመረ። ሊስካ የቀረበላትን አሸተተች፤ ዓሣ ዓሣ ይላል። ሎቭሬንጽን ትክ ብላ አየችውና፣ ቀስ ብላ ማኘክ ጀመረች።