የነስሩ ላፕቶፕ እና የሰፈራችን ቡድን

ለልጄ ለኢክራም ርካሽ ላፕቶፕ ልንገዛላት ነው ከተባለ ወዲህ፣ ስልኳን ይዛ ሶፋው ላይ ትጋደምና ዕቃውን ገዝተው የተጠቀሙበት ሰዎች የጻፉትን አስተያየት ጮክ ብላ ታነብልኛለች። አንዱ ለትምህርት ይበቃል ይላል፣ ሌላው ባትሪው አይረባም ብሎ ያማርራል፣ ደግሞ አንዱ ጌም ሲጫወቱበት ጭን ያቃጥላል ይላል። እኔ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ እሰማለሁ። የጠየቀኝ የለም እንጂ እኔም የምለው ነበረኝ። ባለፈው ቅዳሜ ዕቃው ተገዝቶ ሲመጣ ታዲያ ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ የጨርቅ ልባስ አወጣሁላት፤ አባቴ ከሱሪ ገበር ቁራጭ የሰፋው፣ ዚፑ የዛገ፣ ለአሁኑ ቀጭን ዕቃ እንደ ታላቅ ወንድም ካፖርት የሚሰፋ። ኢክራም አሸተተችውና አፍንጫዋን ይዛ፣ ይኼ ነገር ምን ምን ይላል አለችኝ። የጋለ ፕላስቲክ ነው፣ አቧራ ነው፣ ካውያ የነካው ጨርቅ ነው። ለእኔ ግን ወንድሜን፣ ወንድሜን ይላል።

ነስረዲን፣ እኛ የምንለው ነስሩ፣ በአራት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። የምንኖረው ኮልፌ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው በየትኛው በር እንደሚገባ ሁላችንም በምናውቅበት ግቢ ውስጥ ነበር። ከፊት ባለችው ክፍል አባዬ ልብስ ይሰፋል፣ ከኋላ እኛ እንኖራለን፤ በመሃል መጋረጃ ብቻ ስለነበረ የደንበኛውን የወገብ ልክ እኛ እንሰማለን፣ የእኛን ጭቅጭቅ ደንበኛው ይሰማል። ነስሩ ምህንድስና ገብቶ ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ ያለ ኮምፒውተር መማር አቃተው፤ የሰው ደጅ ጠንቶ፣ የጓደኛ ፊት አይቶ ሰለቸው። አንድ ቀን አባዬ ከመርካቶ በፌስታል የተጠቀለለ፣ ጀርባው ላይ የማናውቀው ፈረንጅ ስም የተለጠፈበት ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞ ገባና፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ርካሽ ነው ግን ይሠራል አለ። ነስሩ መጀመሪያ የአባዬን እጅ ሳመ፤ ቀጥሎ ላፕቶፑን ሊስመው ምንም አልቀረውም።

እንግዲህ አስተያየቴን ልስጥ። ክብደቱን የተሸከመው ያውቀዋል። ማራገቢያው ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ነው የሚጮኸው፤ እማዬ መጀመሪያ የሰማች ቀን ሊፈነዳ ነው ብላ ባዶ እግሯን ግቢ ወጥታ ቆማለች። ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ነስሩ በአራት የለስላሳ ቆርኪ ላይ ያቆመዋል። የቻርጀሩ ገመድ ወደ ግራ ተጣጥፎ ካልተያዘ አይሠራም፣ ስለዚህ አባዬ ጡረታ ያስወጣት የከሰል ካውያ ገመዱን ተጭና ትውላለች። ባትሪው ለስሙ ባትሪ ተባለ እንጂ መብራት ሲሄድ ነስሩ «ወይኔ ሥራዬ!» ብሎ ሳይጨርስ አብሮ ይጠፋል። የሕንፃ መንደፊያውን ፕሮግራም ከፍቶ ሱቅ ደርሶ ይመለሳል፣ አሁንም እየተከፈተ ነው። ማጠፊያው የተሰበረ ጊዜ አባዬ አንዱን የእንጨት ማስመሪያውን ቆርጦ ከስክሪኑ ጀርባ በማጣበቂያ ደገፈለት፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተራችን ከኋላው ሴንቲሜትር የተጻፈበት በዓለም ብቸኛው ኮምፒውተር ሆነ። ያም ሆኖ ወንድሜ በዚያ ዕቃ ከሰው እኩል ሆኗል። ድልድይ ነድፎበታል፣ ፈተና አጥንቶበታል፣ እኔንም ሒሳብ አስተምሮበታል፤ አልገባኝ ሲል የሚቆጣ አስተማሪ ነበር።

ደግሞ ይጫወትበታል፤ እግር ኳስ። አንዱ ጓደኛው በሲዲ ገልብጦ የሰጠው ጌም ነበር፤ ሲጫወቱት ተጫዋቾቹ አሥር እርምጃ ይሮጡና ኮምፒውተሩ ትንፋሽ አጥሮት ሁሉም ባሉበት ቀጥ ይላሉ፣ ኳሷም አየር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ድንገት ቀጥሎ ጎል ይገባብሃል። ነስሩ ግን ጨዋታውን የራሱ አደረገው። አንድ የማንም ያልሆነ ቡድን መርጦ የተጫዋቾቹን ስም በሙሉ ፋቀና በፈረንጅ ፊደል የሰፈሩን ሰው አስገባበት። አባዬን በረኛ አደረገው፣ ከቤት ስንወጣ ወዴት ነው ሳይል አንድም ሰው አሳልፎ ስለማያውቅ። እማዬ አምበልና አማካይ ሆነች። የግቢያችን ጎረቤት እትዬ አስካለ፣ የጎጃሟ፣ በር ላይ ቆመው የማያውቁትን ሰው ከነአያቱ ጠይቀው ስለሚያስገቡ የመሃል ተከላካይ ተደረጉ። ባለሱቁ ጋሽ ሙደሲር፣ በሳንቲም ፈንታ ማስቲካ የሚሰጡት፣ አጥቂ ሆኑ፤ ነስሩ እሳቸው እጅ የገባ ነገር አይመለስም ይል ነበር። የአየር ጤናው ታክሲ ረዳት፣ የጎማ ጠጋኙ፣ የመስጊዱ ዘበኛ፣ ሁሉም ገቡ። አባዬ ዘሎ ኳስ ሲያድን ከመጋረጃው ወዲህ እንጮኻለን፤ እውነተኛው አባዬ ከመጋረጃው ወዲያ በስፌት መኪናው ላይ እንደተጎነበሰ፣ ምን ሆናችሁ ይላል።

እኔን ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ይኼ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ማራገቢያው አላስጠናኝም እያልኩ ስለምነዘንዝ ነው የቀጣኝ፤ አኩርፌ ራት አልበላም ባልኩ ጊዜ እንኳ አልተበገረም። ትከሻዬን ጨብጦ፣ እንደ ልማዱ ስሜን አሳጥሮ፣ «ሰሙ፣ አትቸኩይ። ሰው ሲጎዳ ትገቢያለሽ» አለኝ። ወደ ስክሪኑ ዞሮም የጎማ ጠጋኙን ለቅጣት ምት አሰለፈ።

አራተኛ ዓመት ላይ ፊቱ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ እንቅልፍ ማጣት ነው አልን፣ ቀጥሎ ጨው ነው አልን፣ ጫማው እግሩን እምቢ ሲለው ነው ሐኪም ቤት የሄደው። ኩላሊቱ ነው አሉን። እማዬ ዱዓ የማታስደርግበት ቦታ አልቀረም፤ እትዬ አስካለም ጠበል በጀሪካን ይዘው መጡና የእኛን ቤት ሥርዓት ያውቃሉና በር ላይ ቆመው፣ ከፈለጋችሁ ፊቱን አብሱት ካልሆነም ለእኔ መልሱት አሉ፤ እማዬ ተቀብላ ፊቱን አበሰችው። ነስሩ ላፕቶፑን አልጋው ላይ ይዞ የመመረቂያ ሥራውን ይነድፋል፣ ሲደክመው ይጫወታል፤ ሙቀቱ ሆዱን ደስ እንደሚለው ይናገር ነበር። በዚያ ክረምት ቡድናችን እንደምንም ብሎ የዋንጫው ፍፃሜ ላይ ደረሰ፤ የሚገጥመን ስሙን ዓለም የሚያውቀው የአውሮፓ ቡድን ነው። ጨዋታውን ሊጀምር ሲል አመመውና አስተኛነው። በማግስቱ ሐኪም ቤት እንዲተኛ ስንወስደው ታክሲው በር ላይ እጄን ይዞ፣ «ፍፃሜውን ብቻሽን እንዳትጫወቺው። ስመጣ አብረን ነው» አለኝ። እሺ አልኩት።

አልመጣም። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን መጻፍ አልችልም፣ የሚያስፈልግም አይመስለኝም።

እኛ ሰፈር ልጅ የሞተባት እናት ዕቃውን እያየች እንዳትቃጠል ሰው ቀድሞ ከዓይኗ ያርቅላታል። ጃናዛውን ሊቀብሩ የሄዱት ሳይመለሱ ሴቶቹ ጫማውን ከበር አንስተው፣ ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው፣ ኮቱን ከሚስማሩ ነቅለው ደበቁ፤ ላፕቶፑም ከአባዬ መቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ካለው ሣጥን ገባ። እዚያ እንዳለ አውቅ ነበርና ለእኔ ይበቃኝ ነበር። ውስጡ አባዬ በረኛ ሆኖ ቆሟል፣ እማዬ አምበል ናት፣ ነስሩ ራሱ አሥር ቁጥር ለብሶ ፍፃሜውን ይጠብቃል። አንድ ቀን፣ መክፈት ስችል፣ አያቸዋለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

አንድ ከሰዓት እትዬ አስካለ እማዬን ሊያስተዛዝኑ መጥተው ቆይተው ሲነሱ ጠቅሰው ጠሩኝና፣ ነስሩ ኳሱ ውስጥ ከትቼዎታለሁ ብሏቸው እንደነበረ፣ ያኔ ቢስቁበትም አሁን ግን ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። የእሳቸው ፍላጎት ለእኔም ድፍረት ሆነኝ። ወደ ፊት ክፍል ሄድን። ሣጥኑን ስከፍት ልባሱ ብቻውን ታጥፎ ተቀምጧል። አባዬ ከመኪናው ቀና ሳይል ከጨርቁ ጋር እያወራ የሚመስል ድምፅ አወጣ።

«ሰደቃ አወጣሁለት» አለ። «መስጊዱ ጋ ከገጠር መጥቶ የሚማር ልጅ አለ፣ ለእሱ።»

ልብሱን ሁሉ እንደዚያው አድርጎ ነበር የሰጠው፤ አጥቦ፣ ኪሱን አራግፎ፣ የጎደለ ቁልፍ ተክቶ፣ ተኩሶ። የሞተ ሰው ዕቃ እንዳለ አይሰጥም ይላል አባዬ፤ ያደፈ ነገር የተሰጠውን ያሳፍረዋል፣ ለሟቹም አይሆነውም። ለተማሪው ደግሞ አዲስ ልባስ ሰፋለት፣ አሮጌውን ማን ይሰጣል። ላፕቶፑን እንዴት እንደሚያጥብ ስላላወቀ ግን ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰደው። ጠጋኙ ፎርማት ይደረግ ወይ ሲለው ምንድነው ብሎ ጠየቀ፤ ውስጡ ያለው በሙሉ ይጠፋል፣ እንደ አዲስ ይሆናል አለው። ለዚህ ነው የመጣሁት፣ አድርግልኝ አለው። የእኛ ሰፈር ኮምፒውተር ጠጋኝ ላፕቶፕ ቢያስነጥሰውም መድኃኒቱ ፎርማት ነው።

እንዴት እንደተናደድኩ አልደብቅም። በሕይወቴ አባቴን የጠላሁበት ጊዜ ቢኖር ያቺ ቅጽበት ናት። እሱም መርፌውን አቁሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለና አየኝ፤ ዓይኑ ሥር ከመቼ ወዲህ እንደዚያ እንደጎደጎደ አላውቅም።

«ምን ነበረበት?» አለኝ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ።

«ምንም አባዬ። የትምህርት ነገር ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና መኪናውን መርገጥ ቀጠለ። እትዬ አስካለን ግቢ ድረስ ሸኘኋቸው። ጭቃው ላይ ቆመው፣ ሆድ ይፍጀው ልጄ አሉኝ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ኳሱ አንስተውልኝ አያውቁም። ነገሩን አባዬ እስኪሞት ድረስ አልሰማውም። ያ ተማሪ ተመርቆ መምህር ሆነ ሲባል ግን ሰምቷል፤ ላፕቶፑን የሰጠሁት ልጅ እያለ ለደንበኞቹ ሁሉ ሲያወራ እኔም ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እሰማ ነበር።

እማዬ ከነስሩ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ እትዬ አስካለ ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳቸው፤ በር ላይ ቆመው የሚጠይቁት ሰው ሳያገኙ እዚያው አረፉ። ጋሽ ሙደሲር አገር ቤት ገቡ ሲባል ሰማሁ። እኔ አግብቼ ቤቴል መጣሁ። አሁን ግቢያችን የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳልፈው የእኛ በር የትኛው ጋ እንደነበረ እየተምታታብኝ ነው።

ኢክራም አዲሱ ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ የጫነችው ከጓደኛዋ በፍላሽ ያመጣችውን ኳስ ነው፤ ትምህርቱ ይደርሳል። ማራገቢያው ድምፅ የለውም፣ ተጫዋቾቹም ሳይቆሙ ይሮጣሉ። የተጫዋች ስም መቀየር ይቻላል ወይ ብዬ ስጠይቃት ዞራ አየችኝ፤ እናቷ ስለ ኳስ ስትጠይቅ ሰምታ አታውቅም። አጠገቧ ተቀምጬ አንድ በአንድ ነገርኳት፣ እሷ ጻፈች። አባዬ በረኛ። እማዬ አማካይ። እትዬ አስካለ። ጋሽ ሙደሲር። ረዳቱ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ዘበኛው። ነስሩ፣ አሥር ቁጥር። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፣ የግራ ተከላካዩ ብቻ ጠፋኝ። ዳቦ ሻጩ ነበር? ያ ከመኪናው ጋር የሚያወራው የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ? ዓይኔን ጨፍኜ ስክሪኑን ለማየት ሞከርኩ፣ ማስመሪያው እንኳ ታየኝ፣ ያ ስም ግን የለም። ደውዬ የምጠይቀው ሰው አሰብኩ፤ አንድም አላገኘሁም።

ባዶ ስም አይቀበልም አለች ኢክራም፤ የሆነ ሰው አስገቢና እንጀምር። ቀጥላም፣ አንቺስ የት ነበርሽ ብላ ጠየቀችኝ። ተቀያሪ ወንበር ላይ አልኳት። እንግዲያ አንቺ ግቢያ፣ አለች፣ ቀላል ነገር ነው በሚል ድምፅ።

ሰው ሲጎዳ ትገቢያለሽ ብሎኝ ነበር። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ሳብኩና ስሜን በገዛ እጄ ጻፍኩ። ተቀያሪ ወንበሩ ላይ የማስቀምጠው ሰው ግን አጣሁ።