በኤድና እጅ የተጻፈው

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡45፣ ኖርክሮስ

ከቤት ስወጣ ገና አልነጋም። የ2015 ኦክቶበር ነው። የአፓርታማችን ግቢ በጉም ተሞልቶ መኪናዬን ያገኘኋት ቁልፉን ተጭኜ ስትጮህ ሰምቼ ነው። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ በነጭ ፎጣ የጠቀለልኩትን መጽሐፍ አስቀመጥኩ። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚያስነብቡት ልብ ወለድ ነው፤ የመጀመሪያው እትም። ገና ሲገለጥ በሰማያዊ ቀለም «ለኤድና፤ ያላንቺ ይህ መጽሐፍ ባልኖረ» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ የደራሲው ፊርማ። የደራሲውን ስም አልነግራችሁም፤ ምክንያቱ በኋላ ይገባችኋል።

እኔ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኞችን በተሽከርካሪ ወንበር ከክፍል ክፍል አመላልሳለሁ። ከሥራ ውጭ ያለውን ጊዜዬን የሚበላው ግን ደራሲዎች በእጃቸው የጻፉባቸውን የድሮ ልብ ወለዶች ማሰባሰብ ነው። ሰው ታሪኩን ያነባል፤ እኔ መጀመሪያ የማነበው ያቺን አንድ መስመር ነው። ሰጪውና ተቀባዩ ምን ነበሩ? ይህኛውን ያገኘሁት ቻምብሊ፣ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ፣ በምግብ አሠራር መጻሕፍት መሀል ተወሽቆ ነው።

ደንዉዲ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ ሐኪም አሉ፤ እንደኔው መጽሐፍ ሰብሳቢ ናቸው። እሳቸው ጋ ስድስት ዓመት ሙሉ የተመኘሁት መጽሐፍ አለ። ሌላ ደራሲ «ለእማዬ፤ አንብበሽ እንደማትጨርሺው አውቃለሁ» ብሎ የጻፈበት ነው። ልንለዋወጥ ተስማምተናል፤ ብቻ ኤድና ማን እንደነበረች አጣርቼ እንድነግራቸው ፈለጉ። ደራሲው የተወለደበት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ደወልኩ። የደራሲው ታይፒስት ነበረች፣ አሁንም በሕይወት አለች፣ ሰሜን ጆርጂያ ተራራዎቹ ጋ ከእህቷ ልጅ ጋር ትኖራለች አሉኝ። የእህቷን ልጅ አገኘኋት፤ ቅዳሜ ኑ አለች።

1፡15፣ ቻምብሊ

ጋሼ ተስፋዬ ካፖርትና ባርኔጣ አድርገው በር ላይ ቆመዋል። አዲስ አበባ ሳሉ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ሠላሳ ዓመት ለባለጉዳይ ማመልከቻ ጽፈዋል። አሁን አብራኝ ከምትሠራው ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ እሷ ሥራ ስትሄድ ቀኑ አልመሽ ይላቸዋል። አገር ልይ ብለው ስለለመኑኝ ነው የመጡት። መጽሐፉን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉና ቀበቷቸውን አሰሩ።

3፡20፣ ወደ ተራራው

ሀይዌዩን ከለቀቅን በኋላ መንገዱ እየጠበበ፣ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ዛፎቹ ቢጫ፣ ቀይ፣ የዝገት ቀለም። ጉሙ መሀል ነጭ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። ተኝቼ የምነዳ መሰለኝ። መንገድ ዳር ፖም ከሚሸጡበት ዳስ ቆምን፤ ሴትዮዋ የተቀቀለ ለውዝ በትኩሱ በወረቀት ኩባያ ሰጠችን። ጋሼ ተስፋዬ አንዷን ቀመሱና ለውዝ ይቆላል እንጂ ይቀቀላል እንዴ ብለው ተገረሙ፤ ኩባያውን ግን እሳቸው ናቸው የጨረሱት።

4፡00፣ ኤድና ቤት

የእህቷ ልጅ በሩን ከፍታ አስገባችንና ወደ ማድ ቤት ገባች። ኤድና መስኮት ሥር ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ፣ በእጇ ማጉያ መነጽር። ዕድሜዋ ወደ ዘጠና ይጠጋል። መጽሐፉን ገልጬ ሰጠኋት። ማጉያውን ጽሑፉ ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈችና እጇን ገታች። ከውጭ ቅጠል ሲረግፍ ይታያል።

«ይሄ የእሱ እጅ አይደለም» አለች። «የእኔ ነው።»

ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችን። ይህ መጽሐፍ በወጣበት ዓመት የደራሲው እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ብዕር መያዝ አቅቶት ነበር። አሳታሚው ደግሞ የሚፈረምባቸው መጻሕፍት በሳጥን በሳጥን ይልካል። እሷ ማድ ቤቷ ተቀምጣ አንድ ወር ፊርማውን ተለማመደች፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት የፈረመችው እሷ ናት። ይህኛውንስ ማን አዘዘሽ አልኳት።

«ማንም። ይጽፍልኛል ብዬ ስጠብቅ ኖርኩ። አንድ ቀን ሙሉ ሳጥን ስፈርም ዋልኩና የመጨረሻውን ለራሴ ጻፍኩት።»

በኋላ ቤት ስትቀይር ከዕቃ ጋር ጠፋባት።

ለጋሼ ተስፋዬ ሁሉንም በአማርኛ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ አሰቡና «የጻፈችው ነገር እውነት መሆኑን ጠይቂልኝ» አሉ። ጠየቅኳት። ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በታይፕ እንደመታችው፣ መጨረሻውን አልወደድኩትም ስትለው ሁለት ሳምንት አኩርፎ እንደቀየረው፣ አሁን ተማሪዎች በቃላቸው የሚሉት መጨረሻ ያ እንደሆነ ተናገረች። «እውነት ነው» አለች።

«እንግዲያው ሐሰተኛ ሰነድ አይደለም» አሉ ጋሼ ተስፋዬ። «እኔም በሰው ስም ስጽፍ ነው ያረጀሁት።»

ይህንንም ተረጎምኩላት፤ እጇን ዘረጋችላቸው። መጽሐፉን ትቼላት ልሄድ ብል እምቢ አለች። «የማን እጅ እንደሆነ መናገር ትችያለሽ። እሱን ግን መሳቂያ እንዳታደርጊብኝ።» ስለዚህ ነው ስሙን ያልጻፍኩት፤ የእሷንም ቀይሬዋለሁ።

9፡30፣ ደንዉዲ

ስንመለስ ጋሼ ተስፋዬ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ለሐኪሙ የምላቸውን በልቤ አዘጋጅ ነበር። «ታይፒስቱ ነበረች፤ አግኝቻት መጣሁ።» ውሸት የለበትም፤ እሳቸውም የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። ወደ ከተማው በቀረብን ቁጥር ዓረፍተ ነገሩ እየጣመኝ ሄደ።

በራቸው ላይ ፓርክ አድርጌ ጋሼን መኪና ውስጥ ትቼ ብቻዬን ገባሁ። የተመኘሁት መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። ሐኪሙ ደስ ብሏቸው ያን መጽሐፍ አንስተው ሰጡኝ። ገለጥኩት፤ «ለእማዬ» ይላል። ይህንን የጻፈውስ በእርግጥ ልጅዋ ይሆን? እንዲህ ብዬ ስጠራጠር ራሴን ያዝኩት። እኔ አሁን ዝም ብል፣ ለእሳቸው ያንኑ ዓይነት፣ የጻፈው እጅ የተደበቀበት መስመር ሰጥቻቸው መሄዴ ነው። መጽሐፉን መልሼ አስቀመጥኩና የቀረውን ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው የኤድናን ጽሑፍ ረጅም ጊዜ አዩት። «ይቅርታ» አሉ በመጨረሻ፤ «እኔ የምሰበስበው የደራሲዎችን እጅ ነው።» አልተቆጡም። መጽሐፌን መልሰውልኝ እስከ በሩ ሸኙኝ።

መኪና ውስጥ ጋሼ ተስፋዬ ነቅተዋል። ተለዋወጣችሁ ወይ አሉኝ። አልተለዋወጥንም አልኩ።

11፡10፣ ኖርክሮስ

ጋሼን ቻምብሊ አድርሼ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ መደርደሪያው ፊት ቆምኩ። መጻሕፍቶቼ የተደረደሩት በደራሲዎቹ ስም በፊደል ተራ ነው፤ ይህ መጽሐፍ የነበረበት ክፍት ቦታ ይታያል። ሁለቱን ጎረቤቶቹን አስጠግቼ ክፍቱን ዘጋሁት። ከዚያ ወደ ላይኛው ረድፍ ሄድኩና ለኤድና በስሟ ፊደል ተራ ቦታ አበጅቼ መጽሐፉን አስገባሁት።