ሳልነግራቸው የበላሁት ምሳ

«ከማን ነው የምንደበቀው?»

ልጄ ይህን የጠየቀችኝ በእንግሊዝኛ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የሐበሻ ሸቀጥ መሸጫ ግሮሰሪ ፊት ለፊት፣ መኪና ውስጥ ነበርን። ግሮሰሪው በር ላይ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰሌዳ አለ። እሱን ላነብ ልወርድ ስል ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሁለት ሴቶች ዕቃ ተሸክመው ሲወጡ አየሁና፣ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ከመሪው ሥር አጎነበስኩ። ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና ጥቂት ጠበቀችኝ። ቀና አልል ስላት ጠየቀችኝ።

«ከማንም» አልኳት።

ይህ መልስ አይደለም። ሴቶቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አንደኛዋ እንዲያውም በታመምኩ ጊዜ ሾርባ ይዛልኝ የመጣች ናት።

ላንግሊ ፓርክ የምንኖርበት አፓርታማ ተሸጦ ነበር። አዲሱ ባለቤት ሊያድሰው ስለፈለገ፣ የኪራይ ውላችን ሲያልቅ እንድንወጣ ተነገረን። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከዓመታት በፊት ተመዝግቤ የረሳሁት የኪራይ ድጎማ ቫውቸር ደረሰኝ፤ ሰዉ ሴክሽን ኤይት የሚለው። ተከራይ አቅሙ የሚችለውን ይከፍላል፣ የቀረውን መንግሥት በቀጥታ ለአከራዩ ይልካል። ነገር ግን መጀመሪያ ተቆጣጣሪ መጥቶ ቤቱን ማየት አለበት። ቤት መፈለጊያውም ቀን ተቆርጦለታል። ቀኑ ካለፈ ቫውቸሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እኔና ልጄም የሰው ሳሎን ውስጥ እንገባለን። የማን ሳሎን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ሥራ አለኝ። ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ጥገና መሣሪያ አጥባለሁ፣ እመረምራለሁ፣ አሽጋለሁ። ደመወዙ ለአንድ እናትና ለአንድ ልጅ የዚህን አካባቢ ኪራይ አይችልም፤ ነገሩ ይኸው ነው። የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ሃይስኩል የጨረስኩት እዚሁ አገር፣ ልጄን አርግዤ፣ ከኔ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ነገር አያሳልፍም። የኪራይ ማስታወቂያ ሳነብ እንኳ ከዋጋው በፊት የሚታየኝ የተሳሳተው ፊደል ነው።

በምሳ እረፍቴ እደውል ነበር። ወሬው መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይሄዳል። የት እንደምሠራ ይጠይቁኛል፤ ሆስፒታል ስላቸው ደስ ይላቸዋል። ከዚያ ቫውቸር እንዳለኝ እናገራለሁ። «ኦ፣ ለካ አሁን ገና አንድ ሰው አፕላይ አድርጎበታል» ይላሉ። በቫውቸር ምክንያት ተከራይን መመለስ ሕግ እንደሚከለክል አንብቤያለሁ። ግን ማንም በቫውቸርሽ ምክንያት አላለኝም፤ ቤቱ ተያዘ ነው የሚሉኝ። ከተያዘ ቤት ጋር ምን ክርክር አለ? ስልኩን ዘግቼ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣ ወደ መቀሶቼ እመለሳለሁ። መቀስ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ብርሃን ላይ ተይዞ ይታያል። ሌላ ሐሳብ አይፈልግም።

የደወልኩላቸው ሁሉ ፈረንጆች ነበሩ። ለሐበሻ አከራይ ቫውቸር የሚለውን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ከመኪናው ወርጄ ካነበብኳቸው ማስታወቂያዎች አንዱ «ሁለት መኝታ፣ ለጨዋ ቤተሰብ፣ አሌክሳንድሪያ» ይላል። ቫውቸሩን ወደ ሌላ ስቴት፣ አሌክሳንድሪያ ወዳለችበት ወደ ቨርጂኒያ፣ ማዛወር እንደሚቻል ጉዳዬን የያዘችው የቤቶች ቢሮዋ ሴት ነግራኝ ስለነበር ደወልኩ። ያነሱት አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው።

«ቤት በስልክ አይታይም» አሉኝ። «ቅዳሜ ልጅሽን ይዘሽ ነይ። ሳትበዪ ነይ!»

ከሆቴል ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴትዮ ናቸው። ታች እሳቸው ይኖራሉ፤ የሚከራየው ፎቁ ነው። ስንደርስ ጠረጴዛው ቀርቧል፤ ፓስታ በሥጋ ስጎ፣ እንጀራ፣ ቃሪያ የበዛበት ሰላጣ።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ የኔ ቆንጆ?»

«ፎርዝ» አለች ልጄ።

«አማርኛ አትችልም?»

«ትሰማለች እትዬ፤ አትመልስም።»

«ይሄማ ሟቹ ባሌ ነው በይኛ! ዕድሜ ልኩን ሰማኝ፣ አንድ ቀን አልመለሰልኝም።»

ልጄ ሳቀች። በዚያ ሰሞን ስትስቅ ስለማላያት ገርሞኝ አየኋት። ወዲያው እጇን ይዘው ፎቁን ሊያሳዩን ወጡ። ልጄ መስኮቷ ዛፍ የሚያይ ትንሿን ክፍል መረጠች። «ምን ቀለም ነው የምትወጂው?» አሏት። «ግሪን» አለቻቸው። ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያውን፣ የውሃውን ግፊት አየሁ። ቤቱ ተቆጣጣሪ የሚጥለው ቤት አልነበረም። አሁን እነግራቸዋለሁ፣ ስንወርድ እነግራቸዋለሁ፣ ስንቀመጥ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ተቀመጥን።

«እኔ ክሬዲት ምናምን አልጠይቅም» አሉ እያቀረቡልኝ። «ሰው ፊቴ ቁጭ ብሎ ሲበላ አየዋለሁ፤ ይበቃኛል። የምነጋገረው ከሰው ጋር ነው፣ ከመንግሥት ጋር አይደለም። ጎረቤቴ ያንን መንግሥት የሚከፍልለትን ተከራይ አስገብታ፣ ቤት የሚያየው ሰውዬ እየተመላለሰ ሶኬት ሲያስቀይራት ከረመ!» ሳቁ። «የኛ ሰው ደግሞ እጅ እግሩ ጤነኛ ሆኖ፣ ሥራ እያለው፣ እዚያ መሰለፉ ምን ይሉታል? ነይ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

ፓስታውን በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሱኝ። አፌ ሙሉ ነበር። ሳልጨርስ ደገሙኝ።

ይህን ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት አልችልም። ከሰው እጅ ጎርሼ፣ በዚያው ማዕድ ላይ «ያሙት ሰው እኔ ነኝ» ብል፣ በገዛ ቤታቸው ማሳፈሬ ነው። ስለዚህ ዋጥኩ፤ ደግሞ እንነጋገራለን አልኳቸው።

«ምን ንግግር አለው? ባልሽ ሲመቸው ይምጣና ይየው። መቼም ወንድ ፓርኪንጉን ነው የሚያየው።»

ባል የለኝም። ከሄደ ቆይቷል። ውሃ ጠጣሁ።

ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ስንመለስ ልጄ አልጋዋን የት እንደምታደርገው ታወራልኝ ነበር። እኔ የማዳምጠው የስልኩን መንገድ መሪ ነው። በዚህ ውጪ ይላል፤ እወጣለሁ።

አልደወልኩላቸውም። እሳቸው ደወሉ፤ አላነሳሁም። መልእክት ተዉ፦ «ልጄ፣ ደህና ነሽ? ማስታወቂያውን አስነስቼዋለሁ።» ሌላ ቀን ደግሞ፦ «የልጅቷን ክፍል አረንጓዴ ቀብተውት ትንሽ ጨለም አለብኝ፤ ትወደው ይሆን?» ይህን የሰማሁት ሥራ ቦታ፣ የልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ነው። ሰማሁት፤ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ፤ የራስ መሸፈኛዬን አሠርኩ። ማታ ልጄ «መቼ ነው የምንገባው?» ስትለኝ «እናያለን» አልኳት። በመካከሉ ሌሎች ቤቶች ደወልኩ። ተይዘዋል። የቤቶች ቢሮዋን ሴት ቀን እንድትጨምርልኝ ለመንኳት፤ ጨመረችልኝ፤ ከዚህ በኋላ ግን እንደማይሆን በደንብ አስረዳችኝ።

የመጨረሻው መልእክት አጭር ነበር። «ሌሎች ባልና ሚስት ቤቱን ጠየቁኝ። ቃል የሰጠችኝ ልጅ አለች ብዬ መለስኳቸው። በይ ደውዪልኝ።»

እኔ ቃል አልሰጠሁም ነበር። መልእክቱን ደግሜ ሰማሁት፤ ያን ቀን የት ላይ እንደተናገርኩ ለማስታወስ ሞከርኩ። አልተናገርኩም። ግን በልቻለሁ፤ በእሳቸው ቤት ቃል ማለት ያ ነው። ሴትዮዋ በኔ የተነሳ ተከራይ መልሰዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝምታዬ የሚጎዳው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በእረፍቴ ቀን ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው በራ።

«መጣሽ! ግቢ ግቢ፣ ብርድ ነው።»

«አልገባም እትዬ። መጀመሪያ የምነግርዎት ነገር አለ።»

«ምንድነው? ሰው ሞተ?»

«ኧረ አልሞተም።»

«ታዲያ ገብተሽ ንገሪኛ!»

«ከገባሁ ያበሉኛል። ከበላሁ ደግሞ አልናገርም።»

የበሩን እጀታ እንደያዙ ቆሙ። ነገርኳቸው። ሥራ ቦታ የታሸገ ዕቃ ስም ጮክ ብለን እንደምናነበው፣ ድምፄ ሳይወጣ ሳይወርድ፣ ቫውቸሩን፣ ተቆጣጣሪውን፣ ባል የሌለኝ መሆኑን፣ ቀኑ ሊያልቅ መሆኑን። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ቃላቱ በአማርኛ ሲወጡ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስሉ ነበር።

«ስልኬን የማታነሺው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ መኪና ገጭቷት ይሆናል እያልኩ ሻማ አበራልሻለሁ!»

«ይቅርታ እትዬ።»

መንገዱን አዩ፤ መልሰው እኔን አዩኝ። «ያን ቀን ያልኩት ነው አይደል?» ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። «ይሄ አፌ!» አሉ። «ሆቴል ቤትም ከስንቱ ሱፐርቫይዘር ጋር አጣልቶኛል።» ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። «ሰውየው ሲመጣ ምን ምን ያያል?»

«ሙቅ ውሃ፣ ሶኬት፣ ጭስ ሲኖር የሚጮኸውን መሣሪያ። መስኮት መከፈቱን።»

«የልጅቷ መስኮት አይከፈትም። ቀለሙ ሲደርቅ ተጣብቋል።»

«በቢላ ይለቃል።»

«እኔ እንጃ። ወረቀት ነገር የሚያይልኝ ልጄ ነው፤ ስፕሪንግፊልድ ነው ያለው። ማታ ነግሬው ይጨርስልሻል።» ከዚያ፣ መንገዱ ላይ ማንም ባይኖርም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባል እንደሌለሽ ግን አልነግረውም። ሚስቱ ያን ቀን የነገርሽኝ፣ ያንቺው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ወሬ አያድርባትም።»

«ይንገሩት።»

«ቫውቸሩንም?»

«ሁሉንም ይንገሩት እትዬ።»

ብናገር የሆነ ነገር ቅልል ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። እሳቸው ለመስኮቱ ቢላ ሊያመጡ ወደ ውስጥ ገቡ፤ እኔ ቤቱ እንዳይበርድ በሩን ገርበብ አድርጌ ይዤ ቆምኩ።