ጀርባው ቀጥ ያለው ጅብ

በዱር እንስሳት ሙዚየሙ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድማ የምትገባው እትዬ መርፌ ናት። ስሙን ያወጣላት የበሩ ዘበኛ ነው፤ ከጋዋኗ ኮሌታ ላይ እንደ ጨረቃ የቆለመመ መርፌ ተሰክቶ ስለማይጠፋ። እሷም ስሙን አልጠላችውም። መርፌ ሲፈልጉት ይመጣል፣ ሥራውን ሠርቶ ዝም ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። የእሷም ጠባይ እንደዚያው ነው።

ሥራዋ የቆሙትን እንስሳት መንከባከብ ነው። እንስሳቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቆዳቸው ለፍቶ፣ ውስጣቸው በእንጨትና በገለባ ተሞልቶ በሁለት አዳራሾች ተደርድረዋል። አቧራና ብል ግን ለሞተም አይራሩም። ስለዚህ በሩ ለጎብኚ ከመከፈቱ በፊት እትዬ መርፌ ሦስት ብሩሾቿን ይዛ ትዞራለች። ሰፊው ለጎሽና ለሜዳ አህያ፣ ጠባቡ ለጆሮና ለአፍንጫ ቀዳዳ፣ ሦስተኛው ደግሞ ልጇ ፓውደር ትቀባበት የነበረው ለስላሳ ብሩሽ፣ እሱ ለወፎቹ ነው። ሁልጊዜ ፀጉሩ ወደ ተኛበት ነው የምትቦርሸው። እየቦረሸች ታወራቸዋለች። አንበሳውን «አንተ ደግሞ ዛሬ ምን አኮረፈህ» ትለዋለች፤ ጉጉቷን «አንቺ መቼም እንቅልፍ የለሽ» ትላታለች። ሰው ፊት ሲሆን ግን ምላሷ እንደ ረጠበ ክር ይተበተባል።

ከሁሉ መጨረሻ የምትቦርሸው ጅቡን ነው። እሱን ስትቦርሽ አታወራም። ቶሎ ቶሎ፣ ከፊት በኩል ብቻ፣ ጀርባውን ላለማየት ፊቷን አዙራ አዳርሳው ትሄዳለች።

ዘንድሮ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣች። ወጣት ናት፣ ስትራመድ ጫማዋ ኮሪደሩን የሚያስጮህ፣ ሐሳብ የማያልቅባት። «ይህ ቤት የሞቱ እንስሳት ያሉበት ነው፤ የሞተ ቤት ግን መሆን የለበትም» አለችና ቅዳሜን የቤተሰብ ቀን አደረገችው። ጓሮው ላይ ሦስት ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ አንዱ ወፍ ለሚስሉ ልጆች፣ አንዱ የእንስሳትን ኮቴ በጭቃ ላይ ለሚያትሙ፣ ሦስተኛው «የተጎዳ እንስሳ እንዴት ይጠገናል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት። ሦስተኛው የእትዬ መርፌ ነው። ጆሮዋ የተቀደደ ሚዳቋ ይዛ ሰው ፊት እየሰፋች ታስረዳለች።

እትዬ መርፌ ይህን ስትሰማ «እኔ አልችልም» አለች። ቤቷ ገብታ ግን ሁለት ጊዜ መስታወት ፊት ቆመች። ሃያ ሁለት ዓመት ከበስተጀርባ የሠራችውን ሥራ ሰው ቆሞ ሊያይላት ነው። ምን ያህል ስትመኘው እንደኖረች የገባት ያኔ ነው። ልጇ የንግግሩን መጀመሪያ አጻፈቻት፤ በየምሽቱ እራት ሲቀርብ ታለማምዳት ጀመር።

«በይ እማዬ፣ እኔ ሕዝብ ነኝ።»

«ሕዝብ አፉ ሞልቶ ያዳምጣል እንዴ?»

«ይሄኛው የራበው ሕዝብ ነው። ጀምሪ።»

እትዬ መርፌም ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ትጀምራለች፤ «ይህን ሙያ ያስተማሩኝ ጋሽ ሙጫ ናቸው።»

ሐሙስ ዕለት አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ለጉብኝት መጣ። አስጎብኚው ቀጭን፣ ተረበኛ ልጅ ነው፤ ተማሪዎቹን እያሳቀ ከአንበሳ ወደ ጎሽ፣ ከጎሽ ወደ ሁለተኛው አዳራሽ ጥግ አመጣቸው። እትዬ መርፌ የሜዳ አህያዋ ጋ ጎንበስ ብላ ኮቴዋን ትወለውላለች።

«ይኸውላችሁ አያ ጅቦ» አለ አስጎብኚው። «አትፍሩ፣ ምሳውን በልቷል።»

ልጆቹ ሳቁ። ከፊት የቆመች፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ ግን አልሳቀችም።

«ይሄ ጅብ አይደለም» አለች።

«ታዲያ ምንድን ነው የኔ እመቤት?»

«እኔ እንጃ። የጅብ ጀርባ እንደ ሸርተቴ ነው፤ ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ። መጽሐፌ ላይ አለ። የዚህ ጠረጴዛ ነው።»

«ምናልባት እንግዳ ሲያይ ኮርቶ ይሆናል።»

«የሞተ አይኮራም።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አስተማሪያቸው ዝም እንድትል ምልክት ሰጠቻት፤ ወዲያው ግን ራሷም አንገቷን አስግጋ ጅቡን አየችው። አስጎብኚው ስልኩን አውጥቶ የጅብ ፎቶ ፈለገ። ስልኩን አየ፣ ጅቡን አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ። ተረቡ አለቀበት። ከሜዳ አህያዋ ሥር የእትዬ መርፌ ጨርቅ እጇ ላይ ቀረ።

ነገሩ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ያኔ እትዬ መርፌ ከልብስ ስፌት ቤት ወደ ሙዚየሙ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ሙያውን ያስተማሯት ጋሽ ሙጫ ነበሩ፤ «ሲጨብጡህ እጅህን ቶሎ ካልነጠቅህ አብረሃቸው ታድራለህ» እየተባለ የሚቀለድባቸው ሽማግሌ። አንድ ጊዜ ታመው ለወር ያህል ሲተኙ፣ «የጅቡ የኋላ ስፌት ተተርትሯል፣ ድፈኚልኝ» ብለዋት ሄዱ።

እትዬ መርፌ ከተማ ተወልዳ ከተማ ያደገች ናት። ጅብን በተረት እንጂ በዓይኗ አታውቀውም። ስፌቱን ልትደፍን ስትጠጋ ጀርባው ወደ ኋላ ወርዶ አየችው፤ ገለባው የሰመጠ መሰላት። አዘነችለት። ልብስ ሰፊ ደግሞ የተንሻፈፈ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ወሩን ሙሉ ከቆዳው ሥር ገለባ ስትጠቀጥቅ፣ ከኋላ እግሮቹ ሥር ጉማጅ እንጨት ስታስገባ፣ እንጨቱን በአሸዋና በሙጫ ስትሸፍን ከረመች። ጀርባው ቀጥ ሲል እጇን አራግፋ «አሁን ሰው መሰልክ» አለችው።

ጋሽ ሙጫ ሲመለሱ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። እጃቸውን በስፌቱ ላይ አሳለፉና «ስፌትሽ ከኔ በለጠ» አሏት። ሌላ አላሉም። አይተው ዝም ይበሉ ወይም ጭራሽ አይዩት፣ እስከ ዛሬ አታውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ የጅብ መንጋ ሲሮጥ አየች። ሁሉም ጀርባቸው ወደ ኋላ ይወርዳል። ሻይዋ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ያኔ ጋሽ ሙጫ ካረፉ ስድስት ወር ሆኗቸው ነበር። ለማን ትናገር? ዛሬ ነገ ስትል፣ የሆዷን በሆዷ ይዛ ዓመቱ ነጎደ። ጎብኚውም «ይሄን ጅብ ምን ነካው» ብሎ ያልፋል እንጂ ሙዚየም ይሳሳታል ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። እስከዚያች ጥርሰ ወላቃ ድረስ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጇ ቢሮዋ አስጠራቻት። አስጎብኚው ቀድሞ ገብቶ መስኮቱ ጋ ቆሟል።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ «ጅቡን የሠሩት ጋሽ ሙጫ የሚባሉት ሰው ናቸው አሉ። ለትምህርት ቤቱ ይቅርታ መጻፌ ነው፤ ‹በቀድሞ ባለሙያችን ስህተት› ብዬ። ጅቡም ነገ መጋዘን ይግባ።» ከዚያ ፊቷ ፈካ። «እርስዎስ? ለቅዳሜ ተዘጋጁ?»

እትዬ መርፌ «እሺ» አለች። የምን እሺ እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

ማታ እራት ቀርቦ ልጇ እንደ ወትሮዋ «እኔ ሕዝብ ነኝ፣ ጀምሪ» አለቻት። እትዬ መርፌ ጣሪያውን አየች። «ይህን ሙያ ያስተማሩኝ...» ብላ ቆመች። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና እዚያው ላይ ቆመች። ልጇ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ምን ሆነሻል እማዬ?»

ነገረቻት። ይህን ሁሉ ዓመት የተቋጠረው በአንዴ ሲፈታ እራቱ ቀዘቀዘ።

«ብትናገሪ ምን ይመጣል?» አለች ልጇ።

«ጠረጴዛውን ይወስዱብኛል።»

«ባትናገሪስ?»

«ጠረጴዛው በእጄ ይቆያል። የምጀምርበት አፍ ግን አይኖረኝም።»

አርብ ጠዋት ብሩሾቿን ሳታነሳ በቀጥታ ቢሮ ሄደች። ሥራ አስኪያጇ ደብዳቤውን እየጻፈች ነበር። ቀና ብላ ወንበር አሳየቻት፤ እትዬ መርፌ አልተቀመጠችም፤ ከተቀመጠች የማትነሳ መሰላት።

«ጅቡን ያቃናሁት እኔ ነኝ» አለች። «የዛሬ ሃያ ዓመት ነው፤ ጋሽ ሙጫ ታመው ተኝተው ነበር። እሳቸው የሠሩት ልክ ነበር። የሰመጠ መስሎኝ ሞላሁት።»

ሥራ አስኪያጇ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ?»

«ፈራሁ።»

«ሃያ ዓመት?»

«ፍርሃት እንደ ብል ነው። በጊዜ ካላራገፉት ይራባል።»

«ሰው ፊት አቁሜ ‹ባለሙያችን› ልልዎት ያሰብኩት እርስዎን ነበር» አለች ሥራ አስኪያጇ። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም፤ ግን የደስታም አልነበረም። «አሁን ምን ላድርግ?»

«ጠረጴዛውን ይውሰዱት። ከደብዳቤው ላይ ግን ጋሼን አውጥተው እኔን ያስገቡልኝ።»

ይህን ብላ ልትወጣ ዞረች። እጇ የበሩን እጀታ ሲነካ ከኋላዋ ጥያቄ መጣ።

«ወደ ነበረበት ይመለሳል?»

«ማን፣ ጅቡ?» አለች እትዬ መርፌ። «ገለባውን ማውጣት፣ እንጨቱን መንቀል፣ መልሶ መስፋት ነው። ከጠዋት እስከ ምሳ ያልቃል።»

«ሰው እያየዎትስ?»

እትዬ መርፌ እጀታውን ለቀቀች። ሥራ አስኪያጇ የጀመረችውን ደብዳቤ ለሁለት ቀድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። «የሚዳቋዋ ጆሮ ይቆይ። ነገ ጠረጴዛው ላይ የሚወጣው ጅቡ ነው። ደብዳቤውን እርስዎ እንዳሉት እጽፋለሁ፣ ያቺንም ልጅ እጠራታለሁ። ከተበላሸ ግን ሦስታችንም ነን መጋዘን የምንገባው፤ እርስዎም፣ እኔም፣ ጅቡም።»

ቅዳሜ ጓሮው ከተጠበቀው በላይ ሰው ሞላው። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተዋል፤ ወፍ የሚስሉት እርሳሳቸውን እንደያዙ፣ ኮቴ የሚያትሙት በጭቃ እጃቸው መጥተው ሦስተኛውን ጠረጴዛ ከበቡ። አስጎብኚው ጅቡን ጠረጴዛው ላይ ከዘበኛው ጋር አውጥቶ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል ሰምታችኋል። ይሄኛው ደግሞ በማያውቁት ቤት ገብቶ ወገቤን አቃኑልኝ ያለ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ዓይን ሁሉ እትዬ መርፌ ላይ አረፈ። ልጇ የተኮሰችው ጋዋን አንገቷን ያዛት። ምላሷ መተብተብ ጀመረ። ከፊት፣ አባቷን በእጇ የያዘችውን ጥርሰ ወላቃ አየቻት። ልጅቷ ጥፋተኛ ትመስላለች፤ ሊቆጧት የጠሯት መስሏታል። ለእሷ ስትል እትዬ መርፌ አፏን ከፈተች።

«ይህን ሙያ ያስተማሩኝ ጋሽ ሙጫ ናቸው። ይህን ጅብ ያበላሸሁት ግን እኔ ነኝ። ስህተቴን ያገኘችብኝ ይህቺ ልጅ ናት።»

ልጅቷ አባቷን ቀና ብላ አየችው። ከኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀምሮ ብቻውን መሆኑን ሲያይ ተወው። እትዬ መርፌም ከዚያ ወዲያ ስለ ምላሷ አላሰበችም፤ እጇ ሥራ ጀምሯልና። የገዛ ስፌቷን በምላጭ ተረተረች። የጠቀጠቀችውን ገለባ እየመዘዘች ሰጠቻቸው፤ ልጆቹ እየተቀባበሉ ጆንያ ውስጥ ከተቱት። «ይሄ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ነበር?» አለ አንዱ። «ታዲያ ጅብ አይደል» አለው ሌላው። አሸዋውን አራግፋ፣ ሙጫውን ፈቅፍቃ፣ ጉማጅ እንጨቶቹን በመዶሻ መታ መታ አድርጋ አወጣች። የጅቡ የኋላ እግሮች ወረዱ፤ ጀርባውም አብሮ ወረደ። ጋሽ ሙጫ ያቆሙት ጅብ ከሃያ ዓመት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። እትዬ መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ሳታዞር አየችው።

ሰፍታ ስትጨርስ ጀርባውን ፀጉሩ ወደ ተኛበት ቦረሸችውና ልጅቷን በእጇ ጠራቻት። «ነይ እስቲ የኔ ዳኛ፣ ፍረጂ።»

ልጅቷ ወፍ ከሚስሉት ከአንዱ እርሳስ ተቀብላ፣ አባቷ ብድግ ሲያደርጋት በጅቡ ጫንቃ ላይ አግድም አስቀመጠችው። እርሳሱ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ እየተንከባለለ ወርዶ ጅራቱ ጋ ሲደርስ መሬት ወደቀ።

«ሸርተቴ ነው» አለች። «አሁን ጅብ ሆነ።» ዞር ብላ ከኋላ አየችውና ግንባሯን ቋጠረች። «ግን ጅራቱ ጠማማ ነው።»

እትዬ መርፌ ጎንበስ ብላ አየች። እውነቷን ነው።

«እሱ የኔ ጥፋት አይደለም» አለች፣ ሰው መሃል ስትስቅ ራሷን እየሰማች። «እሱ የጋሽ ሙጫ ነው። ቢሆንም የዛሬ ሳምንት ነይና አብረን እናቃናዋለን። ቆልማማ መርፌ መያዝ አሳይሻለሁ።»

ሥራ አስኪያጇ ከኋላ ቆማ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። አስጎብኚው አንገቱን አስግጎ አነበበውና ለእትዬ መርፌ በሹክሹክታ ነገራት፤ «‹ቅዳሜ፣ ሦስተኛ ጠረጴዛ፣ ጅራት› ይላል።»

እትዬ መርፌ መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ ሰካች፤ ልጆቹም እርሳሱን እንደገና ለማንከባለል ተሰለፉ።